እትዬ ዘነቡ ከጉድጓዱ ውስጥ ያየችው

ባለፈው ወር የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ወሰን ሰፈር ውስጥ እየዞረ የእትዬ ዘነቡን ሞት ሲያረዳ ቁርስ እየበላሁ ነበር። የጎረስኩትን ዋጥኩና ጫማዬን አሰርኩ። ቀብሩ ላይ ስደርስ ግን ካዘንኩት ይልቅ የቀናሁት ይበልጣል። ሰው ግቢውን ሞልቶ ወደ አስፋልቱ ፈሶ ነበር። ጡረታ የወጡ ሾፌሮች፣ ሙስሊም ጎረቤቶቿ፣ ከኮተቤ የመጡ አናጢዎች ቆመው ያለቅሳሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ ጋራዥ አለቃ ሆኜ ኖሬ፣ ስሞት የዚህን ሩብ እንኳ እንደማላገኝ እዚያው ቆሜ ገመትኩ። በሬሳ የሚቀና ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ እኔ ነኝ።

እትዬ ዘነቡ በደርግ ዘመን እኔ መካኒክ በነበርኩበት የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ የእጥበትና የግራሶ ሠራተኛ ነበረች። ጋራዡ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሥራው ቀድሞ የባሏ ነበር። ባሏ ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር ቦታውን ለእሷ ሰጧት፤ እሷም የእሱን ቱታ ለብሳ፣ የእሱን ቦቲ ጫማ በጨርቅ ጠቅጥቃ አድርጋ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። መኪናው ከጉድጓዱ በላይ ይቆማል፤ እሷ ከሥር ሆና አሮጌውን ዘይት ታፈሳለች፣ ጭቃውን ትፈገፍጋለች፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ ግራሶ ታጠጣለች። ስትጨርስ የመኪናውን ሆድ በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ ታደርግና "ሂጂ" ትላታለች። ሠራተኛው ሁሉ አንቱ ይላታል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንቺ አልኳት፤ ዛሬም ስጽፍ የሚመጣልኝ እሱ ነው። እሷ በበኩሏ ስሜ ሰይፉ መሆኑን እያወቀች "ዲፕሎማ" ነበር የምትለኝ።

"ዲፕሎማ፣ ቱታህ ዘይት ነክቶታል። እንዳይለምድብህ" ትለኛለች ሰው በተሰበሰበበት። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ እስከ ማታ ግን ይቆረቁረኛል።

ያፈሰሰችውን ዘይት አትደፋውም። በአሮጌ ነጠላ ታጠልለውና በርሜል ውስጥ ታጠራቅመዋለች፤ የጭቃ ቤት የሚሠራ የሰፈር ሰው እየመጣ ቀድቶ ይወስድና ምስጥ እንዳይበላበት የግድግዳውን እንጨት ይቀባበታል። በዚያ ዘመን ወሰንና ኮተቤ ውስጥ የእሷ ዘይት ያልነካው ቤት ያለ አይመስለኝም። ነጠላው ላይ የቀረውን ዝቃጭ ደግሞ ከመጣሏ በፊት በጣቷ ታገላብጠዋለች። ብረት አለው? አሸዋ አለው? ምን ይሸታል? ስለዚህ የትኛው ሞተር ውስጡ ምን እንደሚበላው ታውቃለች። "ሰው ፊቱን ታጥቦ ነው የሚመጣው፤ መኪና ግን ሆዱን ታጥቦ አይመጣም" ትል ነበር። ለሥራ ደብረ ዘይት ውዬ መጣሁ ያለ ሾፌር መኪናው ሆድ ላይ የሱሉልታን ጥቁር ጭቃ ይዞ ሲመጣ ቀና ብላ ታየዋለች። ከዚያ "ሆድ ይፍጀው" ትልና ውሃውን ትለቅበታለች። በአንድም ሾፌር አሳብቃ አታውቅም።

ሾፌሮቹ እኔ ሞተሩን መርምሬ የነገርኳቸውን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ይሄዱና ጎንበስ ብለው "እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" ይሏታል። አንዱ ጭራሽ እያየሁት "ሰይፉ ፍሪሲዮኑ ነው ብሏል፤ እውነት ነው?" ብሎ ጠየቃት። "እውነቱን ነው" አለችው። ትክክል መሆኔን እንኳ የምታጸድቀው እሷ ሆነች። ሌላ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩና ነጠላዋ ላይ የቀረውን ዝቃጭ እንደ እሷ በጣቴ ማገላበጥ ጀመርኩ። ምንም አልታየኝም። ጥቁር ነገር ነው። ድምፅዋን ከላይ ሰማሁ።

"ዲፕሎማ፣ ማየት ብቻ አይበቃም። የባለፈውን ማስታወስ ያስፈልጋል።"

ፊቴ ጋለ። "የራስሽን ሥራ ሥሪ" ብያት ወጣሁ።

"ምቀኛ አታሳጣኝ ነው የሚባለው" አለች ከኋላዬ። "ለእኔ ደግሞ ባለ ዲፕሎማውን ሰጠኝ።"

ጥቁሩ መኪና የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከንጉሡ ዘመን የቆየ፣ ረጅም፣ የእንግሊዝ ሥሪት መኪና ነበር፤ ከአንድ መኳንንት ቤት ተወርሶ ለአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ተሰጥቷል። እኛ "ጓድ ኃላፊ" ከማለት በቀር ሰውየውን በስም አንጠራም። ሞተሩ አርጅቶ ከኋላ በኩል ዘይት ያንጠባጥብ ነበርና ሙሉ በሙሉ እንዳድሰው ለእኔ ተሰጠኝ። የፎርማንነቱ ቦታ ክፍት ስለነበር መሰጠቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሁሉም ነገር ተገኝቶ አንድ ነገር ጠፋ። በዚያ ዓይነት አሮጌ ሞተር ክራንክሻፍት በሚባለው ዋና የሚሽከረከር ዘንግ ጫፍ ላይ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ ሳይሆን ቅባት የጠጣ የጥጥ ገመድ ነው። ገመዱ አገር ውስጥ የለም፤ ከውጭ ማስመጣት ደግሞ በዚያ ጊዜ አይታሰብም። አንድ እሑድ የካ ሚካኤል በር ላይ ጧፍ ሻጮቹን ሳይ ሐሳቡ መጣልኝ። ጧፍ ምንድን ነው? ሰም የጠጣ የጥጥ ክር። አንድ እቅፍ ገዛሁ። ጎንጉኜ፣ ጠፍጥፌ ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ጠቀጠቅኩት፤ ከሞተሩ ሥር ዘይቱ በሚጠራቀምበት ኮፓ ዙሪያም ደረደርኩበት። አንዲት ጠብታ አልወጣም።

በሠራተኞች ስብሰባ ላይ "የሠራተኛው የፈጠራ ውጤት" ተብሎ ተጨበጨበልኝ። ሥራ አስኪያጁ ከምን እንደሠራሁት ሲጠይቁኝ "ልዩ ቅባት ከተነከረ ጥጥ" አልኩ። ቤተ ክርስቲያን መሳም ኋላ ቀርነት ነው በሚባልበት አዳራሽ ውስጥ ቆሜ፣ በጓድ ኃላፊ መኪና ውስጥ ጧፍ ከተትኩ አልል። እትዬ ዘነቡ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ታጨበጭብልኝ ነበር። ያን ቀን ብቻ አልቀናሁባትም።

ወር እንዳለፈ የጥቁሩ መኪና ሾፌር በቀለ ፊቱ ገርጥቶ መጣ።

"የዘይቱ መርፌ ዜሮ ወረደች" አለኝ።

መርፌዋ ወረደች ማለት ዘይቱ ግፊት አጥቶ ሞተሩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። በዚያው ከተነዳ ብረት ከብረት ይፋጭና ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። አስነሳሁት፤ መርፌዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ኮተቤ ደርሼ ተመለስኩ፤ ንቅንቅ አላለችም።

"የት ነው የወረደችው?"

በቀለ መሬት መሬቱን እያየ "አብዮት አደባባይ አካባቢ" አለ።

"ስትነሳ ነው እየሄድክ?"

"እየሄድኩ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ራሷ ተመለሰች።"

በሚቀጥለው ወርም መጣ፤ አሁን ደግሞ ቦሌ መንገድ ነው አለ። በሦስተኛውም ወር መጣ። መርፌዋን ቀየርኩ፣ ቧንቧዋን ቀየርኩ፣ ግፊቱን የሚቆጣጠረውን ስፕሪንግ አውጥቼ አጸዳሁ፣ ወፈር ያለ ዘይት አስጨመርኩ። ከውጭ የሚነካ ነገር ሁሉ ተነካ። ኮፓውን ግን አላወረድኩም። ኮፓውን ማውረድ ማለት የተጨበጨበለትን ሥራዬን በገዛ እጄ መጠርጠር ነው፤ ያን ለማድረግ ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ጠርተው በሩን ዘጉ። "ሰይፉ፣ ይቺ መኪና ጓድ ኃላፊን ይዛ መንገድ ላይ ከቆመች ብልሽት አይባልም። አሻጥር ነው የሚባለው። እኔም ላድንህ አልችልም" አሉኝ። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው የት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እትዬ ዘነቡ ከጉድጓዱ "ዲፕሎማ፣ እስቲ ና ውረድ" ብላ ጠራችኝ። ጥቁሩ መኪና ዘይት ሊለወጥለት ከላይ ቆሟል። ወረድኩ። ነጠላዋን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ላዩ ላይ ነጫጭ የክር ብጥስጣሽና ገርጣ ያለ ለስላሳ ነገር አለበት። ለስላሳውን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ በትንፋሿ አሞቀችውና አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

"ምን ይሸትሃል?"

ሰም ይሸታል።

"ጧፍ ነው" አለች። "ሞተሩ ሲግል ሰሙ ቀልጦ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሲበርድ ይረጋና ክሩን ይዞ፣ ፖምፓው ዘይት የሚስብበት ወንፊት ላይ ይጋገራል። አንተ ዘንድ ስትመጣ ሞቃ ነው የምትመጣው። ምን ታያለህ?"

"አብዮት አደባባይ ምን ብርድ አለ?" አልኳት።

ከመኪናው ሆድ ላይ የተሰካ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከቀይ አፈር ጋር ፈልቅቃ አወጣችና መዳፏ ላይ አደረገችው። "ይሄ ከአብዮት አደባባይ አልመጣም። ቀኑንስ አላየኸውም? በቀለ የሚመጣው ሁልጊዜ ወር በገባ በሁለት ነው። በአንድ ማን ነው የሚነግሠው?"

ራጉኤል ነው። ባሕር ዛፉና ቀይ አፈሩም የእንጦጦ ነው፤ እንጦጦ ራጉኤል። መኪናዋ በማለዳ ተራራውን ትወጣለች፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ በዚያ ብርድ ትቆማለች፣ ከዚያ ሳትሞቅ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ከቤት ስትነሳማ በቀለ በደንብ አሙቆ ነው የሚያስወጣት። የዋሸኝም የአብዮታዊ ባለሥልጣን መኪና በየወሩ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንደሚቆም ለማንም መናገር ስለማይችል ነው።

ነፍሴ ተረፈች ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሦስት ወር ያሰቃየኝን ነገር አንድ ነጠላና አንድ ቅጠል ይዛ ፈታችው። ትንሽ እንኳ ብትሳሳት ምን ነበረበት?

"አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" አልኳት። "አንቺ ዘይት አጥላይ ነሽ። ሞተር የማውቀው እኔ ነኝ።"

"እሺ" አለች። "የምታውቅ ከሆነ ኮፓውን አውርድ።"

ጥያት ወጣሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት "ምን አገኘህ?" ብለው ጠየቁኝ። ዘይቱ ውስጥ ክር አለ አልኳቸው። ክሩ ከየት መጣ ሲሉኝ ወደ ጉድጓዱ አየሁ። "ግራሶ ክፍል አሮጌ ዘይት በነጠላ ይጠለላል። የተጠለለው ተመልሶ ሞተር ውስጥ ገብቶ ይሆናል" አልኩ። ሌላ መጨመር አላስፈለገኝም። አዲስ ዘይት በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ይህ አዲሱን ለራሷ ወስዳ አሮጌውን ጨመረች ማለት እንደሆነ ለሁሉም ገባው። ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ላጽናና ብዙ ሞክሬያለሁ። ፈርቻለሁም። ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንን ስናገር ውስጤ ደስ አይለውም ነበር።

እትዬ ዘነቡ ከጉድጓዱ ወጣች። እጇን ቱታዋ ላይ ጠርጋ "ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ነገ ጠዋት ኮፓው ይውረድና ክሩ የማን እንደሆነ ይታይ" አለች። ስትናገር የምታየው እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር። እሳቸውም ተስማሙ፤ እኔም መሣሪያዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ እኔና እሷ ጉድጓዱ ውስጥ ገባን፤ ሥራ አስኪያጁና በቀለ ከላይ ቆሙ። ቡሎኖቹን ፈታሁና ኮፓው ወረደ። የፖምፓው ወንፊት በሰምና በክር ተለብጦ ቂቤ የረጋበት ክዳን መስሏል። ከነጠላ የወጣ እንዳልሆነ ማንም አይቶ ይለየዋል። የእኔ ጧፍ ነበር። ከላይ "ምንድን ነው እሱ?" የሚል የሥራ አስኪያጁ ድምፅ መጣ።

እትዬ ዘነቡ ያንን ክዳን በአውራ ጣቷ ልጣ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጮክ ብላ "ክር ነው ጓድ። የእኔ የማጥለያ ነጠላ ነው። ተሳስቼ አሮጌውን ዘይት ጨምሬበታለሁ" አለች።

እኔ ጎንበስ ብዬ የፈታኋቸውን ቡሎኖች መልቀም ጀመርኩ።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ቆማ ግለ ሂስ አደረገች። በቸልተኝነት የሕዝብ ንብረት ለአደጋ አጋልጫለሁ የሚል ወረቀት ጽፈው ሰጥተዋት ነበር፤ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነውና በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው። ስትጨርስ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የባሏን ቦታ ቀምተው ግቢ ጠራጊ አደረጓት፤ በርሜሏም ተነሳ። ጉድጓዱ ውስጥ ያስገቡት ሰው ቀና ብሎ የመኪና ሆድ የማያይ ሰው ነበር።

ገመዱን እንደ አዲስ ሠራሁት፤ አሁን ሰም የሌለው ጥጥ በግራሶ ነክሬ። ይህንንም የነገረችኝ እሷ ነች፣ መጥረጊያዋን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ፣ ሳትቆም። ከዚያ አንድ ማለዳ መኪናዋን ብቻዬን እንጦጦ ይዤ ወጣሁ። ራጉኤል ደጅ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ ጣቴ እስኪደነዝዝ ቆየሁ። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ሲያልፉ "ተበላሸብህ እንዴ?" ይሉኛል። አስነስቼ ወረድኩ። እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ መርፌዋ አንዴም አልወረደችም። መካኒክ እንዲህ ያለ ቀን ይደሰታል፤ እኔን ግን መርፌዋ እንኳ የምትታዘዘው ለዘነቡ መሰለኝ።

በወሩ ፎርማን ሆንኩ። ሾፌሮቹ አሁንም ቢሮዬ ገብተው ይወጡና መጥረጊያዋን ተደግፋ ወደቆመችበት ሄደው ጎንበስ ይላሉ። ያኔ አልቆረቆረኝም ብል ውሸት ነው። አንድ ማጽናኛ ግን ነበረኝ። ያን ጠዋት ዘነቡ ያዳነችው እኔን ነው። ሾፌሮቹ ምክሯን ይውሰዱ፤ እኔ ግን ቦታዋን ያጣችልኝ ሰው ነኝ። ከሁሉም አብልጣ የወደደችው እኔን ነው ብዬ ይህን ሐሳብ ብዙ ዓመት አቅፌው ኖርኩ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ እሷም ጡረታ ወጥታ፣ አንድ እሑድ ስኳር ይዤ ወሰን ያለው ቤቷ ሄድኩ። ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በርጩማ ሰጠችኝ። ስለ ጤናዋ ጠየቅኳት፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ከዚያ አወጣሁት።

"እትዬ ዘነቡ፣ ያን ቀን ለምን አዳንሽኝ?"

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። "አንተን?"

"እኔን እንጂ።"

"ዲፕሎማ፣ አንተን አይደለም" አለች። "ራጉኤል የምትሄደው የጓድ ኃላፊ እናት ነበረች። ዓይኗ የጠፋ አሮጊት። ልጇ በወር አንድ ቀን፣ መንገዱ ላይ ሰው ሳይበዛ፣ ያስወስዳታል። በቀለ ነግሮኛል። ከጓድ ኃላፊ መኪና ጧፍ ወጣ ቢባል አንተን ይዘው የሚበቃቸው መሰለህ? ቀጥሎ በቀለን ይጠይቁታል። በቀለ ደግሞ ፈሪ ነው፣ የት እንደሚሄዱ ይናገራል። ልጅየውም ራሱን ለማዳን ሲል እናቱን ቤት ይዘጋባታል። ዓይን የላት፣ ሌላ ምን ቀርቷት ነበር?"

በቀለ ለእሷ ስለ ሰውየው እናት ነግሯታል። ለእኔ አብዮት አደባባይን።

"ስለ እኔስ ምንም አላሰብሽም?" አልኳት። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

"አስቤ ነበር" አለች። ቁጣ የለባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። "ኮፓው ነገ ይውረድ ያልኩት ለምን ይመስልሃል? እዚያው ያን ከሰዓት ማውረድ ይቻል ነበር። እስከ ነገ ድረስ ቢሮ ገብተህ፣ ለብቻቸው፣ ስህተቱ የእኔ ነው ትላቸዋለህ ብዬ ነው። ጠዋት መፍቻህን ይዘህ ስትወርድ ፊትህን አየሁት። አልተናገርክም። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት ለአሮጊቷ ነው።"

ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ስኳሩን በሩ ሥር አስቀምጬ ወጣሁ፤ ይቅርታም አልጠየቅኩም። ሁለታችንም አንድ ሰፈር እየኖርን ከዚያ በኋላ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

በሕይወቴ በብዙ ሰው ቀንቻለሁ። ባለ ብዙ ቀባሪ ሆና በሄደችው በዘነቡም ቀንቻለሁ። ያቺን ዓይነ ስውር ሴት ግን አንድ ቀን እንኳ አይቻት አላውቅም፤ ስሟንም አልሰማሁ፤ ምን እንደተደረገላትም ሳታውቅ የሞተች ይመስለኛል። ከሰው ሁሉ አብልጬ የምቀናው በእሷ ነው።